ቤቱ ነው የሚዞረው ወይስ እኔ?

በዚህ ዓምድ ላይ ዘወትር የምጽፈው ስለ ሕግና ስለ አስተዳደር ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን አንባብያንን ይቅርታ ጠይቄ ስለ ጤና ልጽፍ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ይሁንና አንድ ሕመም ይዞኝ ከቤት ቤት፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲያንከራትተኝ ብዙ ተምሬያለሁ። ያወቅሁትን ለብቻዬ ይዤ መቀመጡን ሕሊናዬ ስላልፈቀደው፣ የሚመለከተው ሰው አንብቦ ይጠቀምበት ዘንድ እነሆ።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ ነው። እንደሚታወሰው በዚያ ሰሞን ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሚነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ ሰው ሁሉ በስጋት ያድር ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነቅቼ ወደ ቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ጣሪያው ከነግድግዳው ይሽከረከር ጀመር። ፍራሹን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤ፣ “ተነሺ! መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ነው!” ብዬ ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። እሷም መብራት አብርታ ወደ ላይ ተመለከተችና፣ “ኧረ ምንም የለም፤ አምፖሉ እኮ ቀጥ ብሎ ነው ያለው” አለችኝ። እውነትም ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል ንቅንቅ አላለም። የሚዞረው ቤቱ አልነበረም፤ እኔው ነበርኩ።

ሽክርክሪቱ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ቆመ። ማቅለሽለሹ ግን እስከ ረፋዱ ድረስ አልለቀቀኝም። በማግሥቱ ደገመኝ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቢሮ ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ላወርድ ቀና ስል ተንገዳግጄ ጠረጴዛ ላይ ወደቅሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ወንበር አቀረቡልኝ፤ አንደኛው ግን ጠጋ ብሎ ትንፋሼን ሲያሸት አይቼዋለሁ። በጠዋቱ የጠጣሁ መስሎት መሆኑ ነው።

ምክር የማያጥረው አገር

በአገራችን የታመመ ሰው ገንዘብ ቢያጣ እንጂ ምክር አያጣም። አንዱ “ምች ነው፣ ዳማ ከሴ ታጠን” አለኝ። ሌላው “ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር ብላ” አለ። ጎረቤታችን እማማ “ብርድ ነው ልጄ፣ ጆሮህን ሸፍነህ ተኛ” አሉኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ለእውነቱ ቅርብ የነበሩት፣ ቢያንስ ጆሮን የጠቀሱት፣ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ክሊኒክ ሄድኩ። ግፊቴ ተለካ፤ ደሜ ተመረመረ። ስኳርም ደም ማነስም አልተገኘብኝም። በአንዱ ክሊኒክ “ታይፎይድ አለብህ” ተብዬ መድኃኒት ተሰጠኝ። በሌላው ለማዞር የሚታዘዝ ክኒን ታዘዘልኝና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ፣ የችሎት ቀጠሮ እስከመርሳት ደረስኩ። ማዞሩ ግን በሥፍራው ነበር። በመጨረሻ “የጭንቅላት እጢ ይሆናል” የሚል ፍርሃት አደረብኝና ተበድሬ ኤም አር አይ ተነሣሁ። ውጤቱ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ። በሽታው ከሌለ ታዲያ የሚያዞረኝ ምንድን ነው? ማታ ማታ መተኛት ፈራሁ፤ መኪናዬንም አቆምኩ።

በአምስተኛው ወር አንድ ወዳጄ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ወሰደኝ። ሐኪሙ የያዝኩትን የምርመራ ወረቀት ሁሉ ወደ ጎን አድርጎ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀኝ። “ሲያዞርዎት የሚዞረው ዙሪያው ነው ወይስ ዐይንዎ ነው ጭልም የሚለው? ስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ሲያደርጉ ይነሣል?” እኔም መለስኩ፤ ዙሪያው ነው የሚዞረው፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ የሚነሣውም ስገላበጥና ቀና ስል ነው። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ “ወደ አልጋው ይምጡ” አለኝ።

አንድ ቃል፣ ብዙ ሕመም

የሕግ ሰዎች እንደምናውቀው ጭብጡ ሳይያዝ የሚሰማ ክርክር መቋጫ የለውም። ምስክር ቢደረደር፣ ሰነድ ቢቆለል፣ ዳኛው የሚወስነው ምን ላይ እንደሆነ ካልታወቀ ድካሙ ከንቱ ነው። የእኔም አምስት ወር የባከነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በየሄድኩበት “ያዞረኛል” አልኩ፤ ከዚያ ያለፈ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አላብራራሁም።

“ያዞረኛል” የምንለው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ዐይን ጭልም፣ ጆሮ ጭው ማለትና ለመውደቅ መቃረብ ነው። ይህ ደም ወደ ጭንቅላት በበቂ ሁኔታ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ሲሆን፣ ደም ማነስ፣ የፈሳሽ እጥረት፣ የግፊት መድኃኒት መብዛት፣ አንዳንዴም የልብ ሕመም ያመጣዋል። በጾም ወቅት ውኃ ሳይቀምሱ ሲውሉ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ይሄኛው ነው። ሁለተኛው ጭንቅላት ደህና ሆኖ እግር የሚከዳበት፣ ሲራመዱ ወደ ጎን የሚያንገዳግድ ሚዛን ማጣት ነው። ሦስተኛው ነገር ሁሉ ሳይንቀሳቀስ ዙሪያው የሚሽከረከርበት ሲሆን፣ ሐኪሞች ቬርቲጎ የሚሉት ይህን ነው። ቬርቲጎ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ምልክት ነው። ትኩሳት የብዙ በሽታ ምልክት እንደሆነ ሁሉ ቬርቲጎም መነሻው ብዙ ነው።

በጆሯችን ውስጥ ያለው ውሃ ልክ

ግንበኛ ግድግዳው መቃናቱን የሚያረጋግጠው በውሃ ልክ ነው። ፈጣሪ ለእኛም በሁለቱም ጆሮዎቻችን ውስጥ ውሃ ልክ አስቀምጦልናል። ከመስሚያው ክፍል አጠገብ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀስና በወዴት በኩል እንደዞርን ለአንጎል ይነግራል። ከቱቦዎቹ ሥር ደግሞ ከካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ቁስ፣ የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ጠጠሮች ተጣብቀው የሚኖሩበት ክፍል አለ። እነዚህ ደግሞ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ ያሳውቃሉ።

ችግር የሚመጣው እነዚህ ጠጠሮች ከቦታቸው ተላቀው ወደ አንደኛው ቱቦ ሲገቡ ነው። ስንተኛ ወይም ስንገላበጥ ጠጠሮቹ በቱቦው ውስጥ ይንከባለሉና ፈሳሹን ያንቀሳቅሱታል። ጆሮ “እየዞርን ነው” ይላል፤ ዐይንና እግር ደግሞ “ኧረ ቆመናል” ይላሉ። አንጎል በሁለት የሚቃረን ምስክርነት መካከል ተወጥሮ ዓለምን ያዞርብናል። ጠጠሮቹ ሲያርፉ ሽክርክሪቱም ያበቃል። አንድ ደቂቃ የማይሞላው ለዚህ ነው።

ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ በምሕጻረ ቃል ቢፒፒቪ ይባላል። ስሙ ሲፈታ በአቀማመጥ ለውጥ የሚነሣ፣ በድንገት የሚመጣ፣ ለክፉ የማይሰጥ ማዞር እንደማለት ነው። በተደጋጋሚ ለሚመጣ ቬርቲጎ ከማንኛውም መነሻ ይልቅ ይኸኛው ይበዛል። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑት፣ ራሳቸውን በተመቱና ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ በቆዩ ሰዎች ላይ ይበረታል። ከወንዶች ይልቅም ሴቶችን ያጠቃል።

የታሪኩ ባለቤቶች

ጆሮ ከማዞር ጋር እንደሚገናኝ የሰው ልጅ ያወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፕሮስፐር ሜኒየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ማዞር ከአንጎል ብቻ ሳይሆን ከጆሮም ሊመጣ እንደሚችል ሲያስረዳ ነገሩ እንግዳ ነበር። ከዚያ በቪየና ይሠራ የነበረው ሮበርት ባራኒ የሕመምተኞቹን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ፣ ውኃው ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ እንደሚያዞራቸው አስተዋለ። በዚህ ሥራው የ1914ን የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ የምሥራቹ ሲደርሰው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ በሩሲያ እስረኛ ነበር። በ1952 ደግሞ ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች ሕመምተኛውን ራሱን ወደ ጎን አዙሮ በፍጥነት በማስተኛት ሕመሙን የሚለዩበትን ምርመራ ጻፉ። እኔን ያስተኛኝ ሐኪም ያደረገው ይህንኑ ነው። በቀኝ በኩል ሲያስተኛኝ ክፍሉ ዞረ፤ እሱም ዐይኖቼን እያየ “ይኸው፣ ዐይንዎ እየተርገበገበ ነው” አለ። አምስት ወር ሙሉ የፈለግሁት ማስረጃ በግማሽ ደቂቃ ተገኘ።

መድኃኒቱን ያገኘው ደግሞ ጆን ኤፕሊ የተባለ በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ ሐኪም ነው። ጠጠሮቹ ወደ ቱቦው ከገቡ ራስን በተራ በማዘዋወር ማስወጣት ይቻላል ብሎ በ1980 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያሳይ ተሳለቁበት። ያለ ቢላዋና ያለ ክኒን፣ ራስን በማዞር ብቻ ማዞር ይድናል ማለት የጠንቋይ ሥራ መሰላቸው። ጽሑፉ በሙያው መጽሔት የወጣው በ1992 ነው። ዛሬ ዘዴው በስሙ እየተጠራ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል፤ ከአሥር ሕመምተኞች ስምንት ያህሉ በአንድ ወይም በጥቂት ጊዜ ሙከራ ይድናሉ።

ሕክምናው እንዴት ይደረጋል?

ችግሩ በቀኝ ጆሮ ከሆነ ሕመምተኛው አልጋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ራሱን ወደ ቀኝ በግማሽ ያዞራል። ከዚያ በፍጥነት በጀርባው ይተኛል፤ ከትከሻው ሥር ትራስ ይደረግና ራሱ ትንሽ ወደ ኋላ ይዘነብላል። ይህን ጊዜ ያዞረዋል፤ መፍራት የለበትም። ሽክርክሪቱ ካበቃ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ቀጥሎ ራሱን ሳያነሣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ያዞራል፤ አሁንም ይጠብቃል። ከዚያ መላ ሰውነቱን በግራ ጎኑ አድርጎ ፊቱን ወደ ወለሉ ይመልሳል፤ እንደገና ይጠብቃል። በመጨረሻም በግራ በኩል ቀስ ብሎ ይነሣል። በቃ፤ ይኸው ነው። ችግሩ በግራ ጆሮ ከሆነ ሁሉም በተቃራኒው ይደረጋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የመጀመሪያው ጊዜ ሐኪም ባለበት ይሁን። የትኛው ጆሮ፣ የትኛው ቱቦ እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። የአንገት አጥንት ሕመም፣ የአንገት የደም ሥር መጥበብ ወይም የዐይን ሬቲና መላቀቅ ያለበት ሰው ሳይማከር አይሞክረው።

ስለ ክኒኖቹም አንድ ነገር ልበል። ሲናሪዚን፣ ፕሮሜታዚንና የመሳሰሉት ማቅለሽለሹን ያስታግሳሉ፤ ሕመሙ በጠናበት ቀን ለጥቂት ጊዜ ይጠቅማሉ። ጠጠርን ከቱቦ የማውጣት ኃይል ግን የላቸውም። ለወራት ሲወሰዱ ደግሞ ያፈዝዛሉ፤ አንጎልም ሚዛኑን እንደገና እንዳይማር ያዘገዩታል፤ አረጋውያንን ለመውደቅ ያጋልጣሉ።

ሌሎቹ መነሻዎች

የሚያዞረው ሁሉ ጠጠር ነው ማለት አይደለም። ለመለየት የሚረዳው ትልቁ ፍንጭ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ማዞሩ ያለማቋረጥ ለቀናት ከቆየና ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ ከመጣ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ በጊዜና በእንቅስቃሴ ይሻላል። ከ20 ደቂቃ እስከ ብዙ ሰዓት እየቆየ የሚመላለስ፣ ከጆሮ ጩኸት፣ ከመደፈንና ከመስማት መቀነስ ጋር የሚመጣ ከሆነ በሜኒየር ስም የሚጠራው ሕመም ይጠረጠራል፤ ለዚህ ጨው መቀነስ ይመከራል። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎችም ራሳቸውን ሳያማቸው ሊያዞራቸው ይችላል።

መድኃኒትም ያመጣዋል። ጀንታማይሲን የሚባለው መርፌ፣ እንዲሁም ቀደም ባሉት ዓመታት ለሳንባ ነቀርሳ በብዛት ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን፣ የውስጠኛውን ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ክፍል ሊጎዱ ይችላሉ። የዚህ ምልክቱ ሽክርክሪት ሳይሆን በጨለማ መራመድ ማቃትና ሲራመዱ ዕይታ መርገብገብ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው እንዲህ ያለ ለውጥ ካየ ለሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ይንገር።

የማይታለፍም አለ። ማዞሩ በድንገት መጥቶ አንደበት ከተኮላተፈ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ጨርሶ መቆም ካቃተ፣ ከባድ ያልተለመደ ራስ ምታት ካለ ወይም ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ፣ ነገ ይሻለኛል ማለት አይገባም። በተለይ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ይህ ሲያጋጥመው በአንጎል ውስጥ የደም ዝውውር ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

አብሮ መኖር

እኔ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ በአንድ ቀጠሮ ዳንኩ። በአምስት ደቂቃ! ከአልጋው ስነሣ ሳቅም እልህም ያዘኝ። ይሁንና ይህ ሕመም የመመለስ ልማድ አለው። በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ከታክሲ ስወርድ አናቴን በሩ መታኝ፤ በሳምንቱ ጣሪያው እንደገና ዞረ። አሁን ግን አልተንከራተትኩም። ወደዚያው ሐኪም ሄጄ ያው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በቤቴ ደጋገምኩት፤ በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ኮሪያ የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው ሰዎች ያንን ሲያሟሉ የመመለሱ ነገር ይቀንሳል። ፀሐይ በሞላበት አገር ቢሮ ውስጥ ተዘግተን ለምንውል ሰዎች ይህ መልካም ምክር ነው።

ለብዙው ሰው ከሕመሙ የሚከፋው ፍርሃቱ ነው። ሰው ራሱን ማንቀሳቀስ ይተዋል፤ አንገቱ ይደርቃል፤ ከቤት አይወጣም። በቤተ ክርስቲያን ስግደት ላይ፣ በመስጊድ ሱጁድ ላይ የሚያዞራቸው ምእመናን አሉ። ጎንበስ ብሎ ግንባርን መሬት ማስነካት ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳቸዋልና። ሕመሙን ያላወቀ ሰው ሌላ ነገር ጠርጥሮ ነፍሱን ሲያስጨንቅ ይኖራል። ጸሎቱን ማንም አይተው፤ ጠበሉንም የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ነገር ግን አልጋ ላይ ተኝቶ ለመመርመርም አምስት ደቂቃ ይስጥ። ከዳኑ በኋላም መንቀሳቀስ ራሱ መድኃኒት ነው። ክንድን ዘርግቶ አውራ ጣትን ትኩር ብሎ እያዩ ራስን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር የመሳሰሉ ልምምዶች ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይታወቃሉ።

የእናቴ ትራሶች

ይህን ሁሉ ስማር ደጋግሜ የማስበው እናቴን ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ሦስት ትራስ ደራርባ ተደግፋ ነበር የምትተኛው። በግራ ጎኗ አትተኛም። ከአልጋዋ ስትነሣ ግድግዳውን ይዛ ትንሽ ትቆማለች። “ምን ሆነሽ ነው እማዬ?” ስንላት፣ “አዞር አደረገኝ፤ እርጅና ነው ልጄ” ትለን ነበር። እኛም እርጅና ነው ብለን ተቀበልን። በ2001 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ስትወርድ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም።

ያዞራት የነበረው ጠጠር ነው ብዬ ልምል አልችልም። ማስረጃ የለኝም፤ ከእንግዲህም አይገኝም። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር “ሲያዞርሽ ምን ይዞራል? ስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ስታደርጊ ይነሣል?” ብሎ የጠየቃት ሰው አለመኖሩን ነው። እኔም፣ ጥያቄ መጠየቅ እንጀራዬ የሆነው ልጇ፣ አልጠየቅኋትም።

ሐኪሞቻችንን ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት። በአንድ ጠዋት ያንን ሁሉ ሕመምተኛ የሚያይ ሰው ጊዜ እንደሚያጥረው አውቃለሁ። ነገር ግን መድኃኒትና መሣሪያ ለማስገባት የውጭ ምንዛሪ በምንማጸንበት አገር፣ አንድ አልጋና የሠለጠነ እጅ ብቻ የሚጠይቅ ሕክምና በየጤና ጣቢያው አለመለመዱ ያስቆጫል። ጤና መኮንኖችና ነርሶች ምርመራውንም ሕክምናውንም ቢሠለጥኑበት ስንት ሰው ከመውደቅ፣ ስንት ቤተሰብ ከብድር በዳነ!

እስከዚያው ድረስ ከአንባብያን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በቤታችሁ “አዞረኝ” የሚል ሰው ካለ፣ በተለይ አዛውንት ከሆኑ፣ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፉ። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት ጽፋችሁ ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ።

ጤና ይስጥልን።